ማግኔት ቦርድ ያቃጥላል? ጠንካራ ማግኔትን ከትንንሽ ሰርኪዩቶች ጋር ለመጠቀም

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት፣ እጃችን ላይ ከሚገቡት ሁሉ ጠንካራው እንኳ ቢሆን፣ ተራ ቺፕ አያቃጥልም። ሬዚስተር አያበላሽም። ኤልኢዲ አያጠፋም። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይልም አይሰርዝም። ግን ማግኔት ይዘው የሰርኪዩት ቦርድ ያቃጠሉ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። እንዴት እንደተቃጠለ ከገባችሁ መከላከሉ ከባድ አይደለም።

የኔው እንዲህ ነበር። ባትሪዋ ተሰክቶ እየሰራች ያለች ትንሽ ቦርድ ላይ አንድ ብሎን ወደቀብኝ። ጣት አያስገባም፤ ስለዚህ ጥፍር የምታክል የኒዮዲሚየም ማግኔት በሁለት ጣቴ ይዤ ተጠጋሁ። ብሎኑ ገና ሳይነሳ ማግኔቷ ከጣቴ ሾልካ ወደ ባትሪው የብረት ቆርቆሮ ተወረወረች፤ መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ሁለት ፒኖች ላይ ተጋድማ ቀረች። ብልጭ አለ። ከዚያ ያ የሚታወቀው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ቺፕ ሳየው መሃሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ጉድጓድ ወጥቶበታል።

ለብዙ ቀን "ማግኔት አቃጠለው" እያልኩ አወራሁ። ስህተት ነበር። ሁለቱን ፒኖች አገናኝቶ ሾርት ያደረገው፣ ማለትም ከረንቱን በአቋራጭ የለቀቀው፣ የማግኔቷ ብረት ነው። በማግኔቷ ቦታ ሳንቲም ቢወድቅም ያው ነበር የሚሆነው፤ ልዩነቱ ሳንቲም በራሱ ዘሎ አይሄድም፣ ማግኔት ግን ይሄዳል። እንግዲህ ከሁሉ በፊት መፍራት ያለባችሁ ዝላዩን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኒዮዲሚየም ማግኔት ራሱ ብረታ ብረት ነው፤ የሚያብረቀርቀው ሽፋኑም ብዙውን ጊዜ ኒኬል ነው። ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። ጥቁሩ የፌራይት ማግኔት፣ ስፒከር ጀርባ ላይ የምናየው ቀለበት፣ እንደ ሸክላ ነው፤ ሾርት የማድረግ አቅሙ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ማግኔት ስትይዙ እርቃን ሽቦ እንደያዛችሁ ቁጠሩት።

ቺፑን ለምን አይነካውም?

ቺፕ የሚሰራው ከሲሊከን ነው። መስመሮቹ መዳብና አሉሚኒየም ናቸው። እነዚህን ማግኔት አይስባቸውም። በውስጣቸው የሚሄዱትን ኤሌክትሮኖች ወደ ጎን እንደሚገፋቸው ግን እውነት ነው፤ ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1879 በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ለክቶ አሳይቷል። ግፊቱ የሚወሰነው ግን በኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት ጭምር ነው፤ ሽቦ ውስጥ ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። ስፋቱ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 1 አምፔር ሲያልፍ፣ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ በሰከንድ የሚጓዙት የአንድ ሚሊሜትር አስረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ በሚዳክር ነገር ላይ ማግኔቱ የሚያመጣው ቮልቴጅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ኤምአርአይን፣ በጠንካራ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን የሆስፒታል ማሽን፣ አስቡ። የበሽተኛው አካል ላይ ተጠግቶ ሲግናል የሚቀበለው ጥቅል ሽቦ የራሱ የሆኑ ትንንሽ ማጉያ ሰርኪዩቶች አሉት። እነሱ ቀኑን ሙሉ በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) መሃል ተቀምጠው ይሰራሉ። እርግጥ ለዚያ ታስበው የተሰሩ ናቸው፤ ግን ሲሊከንና መዳብ ለማግኔት የሚሞቱ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ያለ ማሽን ባልኖረ ነበር። የእኛ ትንሽ ማግኔት ፊቷ ላይ ግማሽ ቴስላ ገደማ ናት።

እሱም ፊቷ ላይ ብቻ ነው። ወርዷ 10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 5 ሚሊሜትር የሆነ ክብ የኒዮዲሚየም ማግኔት ወስጄ ላስላላችሁ። ፊቷ ላይ 0.46 ቴስላ ገደማ ይወጣል። 1 ሴንቲሜትር ስትርቁ ወደ 35 ሚሊቴስላ (የቴስላ ሺኛ) ይወርዳል። 5 ሴንቲሜትር ላይ ግማሽ ሚሊቴስላ ብቻ ይቀራል። 10 ሴንቲሜትር ላይ 75 ማይክሮቴስላ (የቴስላ ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ መሬት ራሷ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ስላላት ከመሬት ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው ማለት ነው። ራቅ ካለ በኋላ ርቀቱን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከማግኔት ጋር ስትሰሩ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ማስመሪያ ነው።

ሲንቀሳቀስ ግን ሌላ ነው

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ነገር እዚህ ይመጣል። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። "ታዲያ ማግኔቱን ሳወዛውዘው ቦርዴ ላይ ቮልቴጅ ሊፈጥር ነዋ?" ካላችሁ አዎ፣ ይፈጥራል። ስንት? እናስላው። ቦርድ ላይ ያለ መስመር ዞሮ 1 ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚያክል ቦታ ከበበ እንበል። ግማሽ ቴስላ የሆነ ማግኔት በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ ደረሰበት። የሚፈጠረው ግማሽ ሚሊቮልት ነው። በጣም ፈጥኖ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቢደርስ 5 ሚሊቮልት። ብዙ ቺፕ የሚሰራው በ3.3 ቮልት ነው፤ ያ ማለት 3,300 ሚሊቮልት። ምንም አይደለም።

ነገሩ የሚቀየረው ሽቦው ብዙ ጊዜ ሲጠቀለል ነው። ያንኑ ቦታ የሚከብ ሽቦ 1,000 ዙር ካለው 5 ሚሊቮልቱ በ1,000 ይባዛል፤ 5 ቮልት ሆነ። ስለዚህ ብዙ ዙር ያለው ኮይል (ጥቅል ሽቦ) በቀጥታ ከቺፕ እግር ጋር ካገናኛችሁ፣ ማግኔት በፍጥነት ከማሳለፋችሁ በፊት መከላከያ ዳዮድ፣ ማለትም ትርፉን ቮልቴጅ ከቺፑ የሚያስቀር ክፍል፣ አድርጉበት።

ኢንዳክሽን ምድጃን ከዚህ ጋር አታምታቱት። የሱ መስክ፣ ማለትም ዙሪያው የሚዘረጋው ማግኔታዊ ጉልበት፣ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይገለባበጣል። ቦርድ ብታስቀምጡበት ብረቱንና መዳቡን ያግለዋል። የማግኔትነት ማጥፊያ መሳሪያም እንዲሁ የሚቀያየር መስክ ነው የሚያወጣው። ሁለቱም ጋ ቦርድ አይጠጋም።

ሊጎዱ የሚችሉት ክፍሎች

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ለኔ ከሁሉ አሳሳቢው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ኮይል ነው። 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የምታወርደውን ትንሽ ቦርድ ታውቋታላችሁ፤ መሃሏ ላይ ጥቁር ወይም ግራጫ ኮይል ተቀምጧል። የኮይሉ ሆድ ፌራይት ነው። ፌራይት ማግኔታዊ ጉልበት የሚይዘው እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ነው፤ ከዚያ ይሞላል። እንደ ባልዲ አድርጋችሁ አስቡት። ከረንቱ በበራና በጠፋ ቁጥር ኮይሉ ባልዲውን ይሞላል፣ ያፈሳል። እናንተ ጠንካራ ማግኔት ስትለጥፉበት ባልዲው ገና ሳይቀዳበት ግማሹ ተሞልቶ ይጠብቃል። ትንሽ ሲጨመርበት ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ኮይሉ እንደ ኮይል መስራቱን ትቶ ተራ ሽቦ ለመሆን ይቃረባል። ከረንቱ ይዘላል። ከረንቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ይግላል፣ መከላከያ ከሌለው ደግሞ ይሞታል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት፣ ሾርት ሳያደርግ፣ በመስኩ ብቻ እውነተኛ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ትንንሽ ትራንስፎርመሮችም ያው ናቸው። ዙሪያቸው በፌራይት የተሸፈኑ ኮይሎች ትንሽ ይሻላሉ፤ ግን ማግኔት ደረታቸው ላይ ከተለጠፈ እነሱንም አትመኑ።

ሴንሰሮች ደግሞ አይሞቱም፣ ይሳሳታሉ። ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለ ትንሽ ማግኔትና ከስር ባለ ሴንሰር ነው። በማግኔት የሚዘጋ የሰዓት ማሰሪያ አድርጋችሁ ኪቦርዱ ጎን እጃችሁን ስታሳርፉ ስክሪኑ ድርግም ሊል ይችላል። ብልሽት መስሏቸው ላፕቶፑን የሚፈቱ አሉ፤ ከመፍታት በፊት ሰዓቱን ማውለቅ ነው። የስልክ ኮምፓስም ይዞርበታል፤ ማግኔቱን አርቃችሁ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሳላችሁ ስታዞሩት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። የስልክ ካሜራ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው በራሱ ትንንሽ ማግኔቶች ነው፤ ሌላ ማግኔት አጠገቡ ካለ ፎከስ ሊያስቸግረው ይችላል።

ሪሌ፣ ማለትም በውስጡ ባለ ኮይል ማግኔት የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ካላችሁ ተጠንቀቁ። አጠገቡ ጠንካራ ማግኔት ካለ በትዕዛዝ ላይዘጋ፣ ወይም ተዘግቶ ላይከፈት ይችላል። ሪሌው የሚያበራው ትንሽ አምፖል ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ ማሞቂያ ወይም ሞተር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሪድ ስዊችም፣ ያ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሁለት የብረት ምላስ ያለው፣ ስራው በማግኔት መዘጋት ስለሆነ ያልታሰበ ማግኔትም ይዘጋዋል።

ሚሞሪ ላይ ብዙ አልቆይም። ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዙት በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ማግኔት አያገኘውም። ሃርድ ዲስክ ራሱ ሆዱ ውስጥ ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት አለው፤ ቢሆንም እየዞረ ሳለ ማግኔት አትለጥፉበት። ካሴት፣ ፍሎፒ እና ጥቁር መስመር ያለው ካርድ ግን በእርግጥም ይሰረዛሉ። የባንክ ካርድ ላይ ያለው ወርቃማ ቺፕ ምንም አይሆንም፣ ጀርባው ላይ ያለው መስመር ግን ሊጠፋ ይችላል። ኤምራም የሚባል መረጃን በማግኔት የሚይዝ ሚሞሪም አለ፤ ቦርዳችሁ ላይ ካለ ዳታሺቱ፣ የአምራቹ የመረጃ ወረቀት፣ ስንት እንደሚችል ይነግራችኋል።

እንዴት እንስራ?

መጀመሪያ ቦርዱን እዩት። ኮይል የት ነው? ሪሌ አለ? ኮምፓስ ወይም የሆል ሴንሰር (ሆል ባሳየው ዘዴ ማግኔትን የሚለይ) አለ? ያያችሁትን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማግኔቱ ከነዚያ እንዲርቅ ነው የምትፈልጉት። 5 ሴንቲሜትር ከራቀ ለኮይልና ለሪሌ በቂ ነው፤ ከላይ ያሰላናት ማግኔት ከሆነች ማለቴ ነው፣ ትልቅ ከሆነ አርቁት። ኮምፓስ ግን የሚለካው የመሬትን መስክ ስለሆነ በ10 ሴንቲሜትርም ይታለላል።

ከዚያ ኃይሉን አጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አይደለም፣ ባትሪውን ንቀሉ። ትላልቅ ካፓሲተሮች (ኃይሉ ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዘው የሚቆዩ) ካሉ ትንሽ ጠብቁና በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ዜሮ መድረሳቸውን አረጋግጡ። የኔ ቦርድ ባትሪዋ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ትሰራ ነበር።

ማግኔቱን አልብሱት። ሙቀት የሚችል ቢጫ ቴፕ ካለ እሱን፣ ከሌለ ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ ጎኑንም ጭምር። ብሎን ለማንሳት ከሆነ በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ይህች ዘዴ ሌላም ጥቅም አላት። ጠረጴዛ ላይ ብረት ተሞርዶ ከነበረ ማግኔቱ ዱቄቱን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ይመጣል፤ የዘመኑ ቺፕ እግሮች ደግሞ በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት ነው የተደረደሩት፣ አንዲት የብረት ፀጉር ትበቃቸዋለች። ከረጢቱን ገልብጣችሁ ማግኔቱን ስታወጡ ዱቄቱ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ማግኔቱ ላይ አስቀድሞ የተለጠፈውን በሚያጣብቅ ቴፕ እየጫናችሁ አንሱት፤ በጣት መጥረግ አያወጣውም።

ስታስጠጉ በዝግታ፣ በሁለት እጅ። ማግኔቱን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ቦርዱን በሌላው። ባትሪ፣ የብረት መከለያና የዩኤስቢ ሶኬት ወዳለበት ጎን አትምጡ፤ እነዚህ ብረት ናቸው፣ የሚጎትቱትም እነሱ ናቸው። ትንንሾቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮችም ጫፋቸው ላይ ኒኬል ስላለ ይሳባሉ። ከተበየዱ አይነቀሉም፤ ማግኔቱ ዘሎ ቢመታቸው ግን ይሰነጠቃሉ። የተሰነጠቀ ካፓሲተር ያን ቀን ደህና ይመስላል። ችግሩ ከሳምንታት በኋላ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሲሆን ነው የሚታየው፤ ያኔ ማንም ማግኔቱን አያስታውስም። ወረንጦአችሁ ማግኔት ከሆነ ደግሞ ገና ያልተበየዱት ካፓሲተሮች ተለጥፈውበት አልለቅ ይላሉ፤ ማግኔት የማይሆን ወረንጦ ግዙ፣ ከብዙ ብስጭት ያድናችኋል። ማግኔት ያለው ካቻቢቴ ግን ኃይሉ በተቆረጠ ቦርድ ላይ ያለ ስጋት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ማግኔቱ ቋሚ ቦታ የሚይዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳጥን ክዳን ላይ፣ በማጣበቂያ አጣብቁት። በሶልደር (በብየዳ) አትሞክሩ። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ የመበየጃ ጫፍ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው። አትብሱትም፤ ይሰባበራል፣ ዱቄቱም እሳት ይይዛል። ቦታ ጠቦ ማግኔቱን ከኮይል ማራቅ ካልተቻለ በመሃላቸው የ1 ወይም የ2 ሚሊሜትር የብረት ሉህ አስገቡ። መስኩን በራሱ ውስጥ አድርጎ ያዞረዋል። አሉሚኒየም ፎይል፣ መዳብ፣ ፕላስቲክ ለቆመ ማግኔት ምንም አይከልሉም፤ አየር ማለት ናቸው።

ከዚያ ሞክሩት። ይህን ሙከራ ለማንም ሰው እመክራለሁ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ማግኔቱን አርቃችሁ ቦርዱን አብሩና ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት በመልቲሜትር ለኩ፣ ጻፉት። አጥፉ። ማግኔቱን ቦታው ላይ አድርጉ። መልሳችሁ አብሩና ለኩ። ቁጥሩ ያው ከሆነ ደህና ናችሁ። ከፍ ካለ፣ ወይም ኮይሉ ሲ...ስ የሚል ቀጭን ድምፅ ካወጣ፣ ወይም አጠገቡ ያለው ቺፕ ጣት የማያስነካ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ባልዲው እየሞላ ነው። ማግኔቱን አንድ ሴንቲሜትር ወዲያ ግፉትና እንደገና ለኩ። የስልክ ኮምፓስ ሴንሰርን በማይክሮቴስላ የሚያነቡ አፖች አሉ፤ ማግኔቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ለማየት ይጠቅማሉ፣ ስልኩን ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አስጠጉ እንጂ ማግኔቱን ስልኩ ላይ አትለጥፉ።

ቦርዱ ቢበላሽስ?

ማግኔት ከነካው በኋላ ያበደ ቦርድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ማግኔቱን አርቁ፣ ኃይሉን አጥፍታችሁ መልሱ። ሴንሰር ብቻ ከነበረ እዚህ ላይ ያበቃል። ካልተመለሰ ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ መስመሮች ሲነካኩ በሚጮኸው የመልቲሜትሩ መፈተሻ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መስመሩ ተነካክቶ እንደሆነ ፈትሹ። ከጮኸ ወይ የብረት ፍንጣሪ ገብቷል፣ ወይ ካፓሲተር ተሰንጥቋል፣ ወይ ቺፑ ሞቷል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ፈልጉ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ስለሆነ።

ጥፋተኛው ማግኔት ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ሆስፒታል አዲስ ኤምአርአይ ሲያስገባ ወደ 40 የሚጠጉ አይፎኖችና አፕል ሰዓቶች በአንዴ ሞቱ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ማሽኑ ነበር። የሌላ ድርጅት ስልኮች ግን ይሰሩ ነበር። በኋላ የተገኘው ምክንያት ማሽኑን ከሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ያመለጠ የሂሊየም ጋዝ ነው፤ ስልኮቹ ውስጥ ወዳለች፣ ጊዜ ወደምትቆጥር ደቃቅ ክፍል ገብቶ አቁሟታል። ጋዙ ሲወጣላቸው አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ተመልሰው ሰሩ።

አንድ ሰርኪዩት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ሰው ደረት ውስጥ ያለው። የልብ ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከርና ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልሰው መሳሪያ ማግኔት ሲጠጋቸው አሰራራቸውን እንዲቀይሩ ሆን ተብሎ ነው የተሰሩት፤ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሳሪያ ያለው ሰው ስልክም ሆነ ማግኔት ከደረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ማራቅ አለበት፤ ትልቅ ማግኔት ከሆነ ከዚያም በላይ። ልጆች ባሉበት ደግሞ ትንንሾቹን ማግኔቶች ቆጥራችሁ አውጡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ። ሁለቱ ከተዋጡ አንጀትን ከሁለት ወገን ቆንጥጠው ይበሳሉ፤ አንዲት እንኳ ከጎደለች ሳትገኝ ከጠረጴዛው አትነሱ።